የአትክልት ኪሽ በቤት፦ ታቹ ለምን ይረጥባል? መሃሉስ ለምን ውሃ ያወጣል?

የአትክልት ኪሽ ቤቱ የሞከረ ሰው ቅሬታው ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። ላዩ ወርቃማ ሆኖ ያምራል። ሲቆረጥ ግን ታቹ ገና ሊጥ ነው። ሳህኑ ላይ ውሃ ይወርዳል። እንቁላሉም ለስላሳ መሆኑ ቀርቶ ተፈርፍሯል። ከዚያ በኋላ "ይሄ የካፌ ምግብ ነው፣ ቤት አይሆንም" ተብሎ ይተዋል።

መተዉ ያሳዝናል። ኪሽ ውስብስብ ምግብ አይደለም። የሚያስፈልገው እንቁላል፣ ወተት፣ ፉርኖ ዱቄት፣ ቅቤና ከጉልት የሚገዛ አትክልት ነው። ችግሩ ሌላ ነው። የአሠራር መመሪያዎች "ይህን ያህል ጨምሩ፣ ይህን ያህል ደቂቃ ጋግሩ" ይላሉ፤ ለምን እንደሆነ ግን አይነግሩንም። ምክንያቱን ስንፈልግ ሁሉም ወደ አንድ ነገር ያመራል፤ ወደ ውሃ። ሊጡ ውሃ አለው፣ አትክልቱ ውሃ አለው፣ እንቁላሉና ወተቱም በአብዛኛው ውሃ ናቸው። ከዚህ ውሃ የትኛው ወጥቶ መጣል እንዳለበት፣ የትኛው ደግሞ ውስጥ ተይዞ መቅረት እንዳለበት ያወቀ ሰው ኪሽ አያቅተውም።

ለመሆኑ ኪሽ ምንድን ነው?

ኪሽ ላዩ ክፍት የሆነ ታርት ነው። ከታች በቅቤ የተሠራ ስስ ሊጥ አለ። እሱ ላይ አትክልት፣ አይብ ወይም ሥጋ ይደረጋል። ከዚያ እንቁላልና ወተት ወይም ክሬም ተመትቶ ይፈስበትና ኦቭን ውስጥ እስኪረጋ ይጋገራል።

አገሩ ሎሬን ነው። ሎሬን በሰሜን ምሥራቅ ፈረንሳይ፣ በጀርመን ድንበር በኩል ያለ ግዛት ሲሆን ወደ ፈረንሳይ የተጠቃለለው በ1766 እ.ኤ.አ. ነው። "ኪሽ ሎሬን" የሚባለው ጥንታዊው ዓይነት እንቁላል፣ ክሬምና የአሳማ ሥጋ እንጂ አትክልት የለውም። አይብ እንኳ በኋላ የገባ ነው። በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በጣም ተወደደ፤ ዛሬ በብዙ አገር ካፌዎች ይገኛል። የአትክልቱ ኪሽ ለእኛ ቤት ይበልጥ ይስማማል። የአሳማ ሥጋ የለበትም፣ ወቅቱ ያመጣውን አትክልት ሁሉ ይቀበላል።

ለብራንች፣ ማለትም ቁርስም ምሳም ላልሆነው የረፋድ ማዕድ፣ የሚመረጠው ደግሞ ለብ ብሎ ስለሚበላ ነው። እንግዳ ሲመጣ ምድጃ ሥር መቆም የለም። ሥራው ቀድሞ አልቋል።

እንቁላሉ እንዴት ነው የሚረጋው?

የኪሽ ዋናው ጉዳይ እዚህ ጋ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ እንቆይበት።

ከእንቁላል ውስጥ ሦስት አራተኛ ያህሉ ውሃ ነው። በዚያ ውሃ ውስጥ ፕሮቲኖች ይንሳፈፋሉ። አንዱ ፕሮቲን በራሱ ላይ የተጠቀለለ ረጅም ክር ነው፤ ልቃቂት አድርጋችሁ አስቡት። ሙቀት ሲያገኘው ልቃቂቱ ይተረተራል። የተተረተሩት ክሮች እርስ በርስ ይያዛሉ፤ ድርና ማግ ሆነው ይሸመናሉ። ውሃው፣ ወተቱና ቅባቱ በሽመናው ቀዳዳዎች መሃል ተይዘው ይቀራሉ። ድብልቁ የረጋው ውሃው ስለጠፋ አይደለም። መሄጃ ስላጣ ነው።

ሙቀቱ ከልክ ካለፈስ? ክሮቹ የበለጠ ይሳሳባሉ። ሽመናው ይጠብቅና እንደተጠመዘዘ እርጥብ ነጠላ የያዘውን ውሃ ይጨምቀዋል። ሳህኑ ላይ ከምናየው ውሃ አንዱ ክፍል ይህ ነው። "አልበሰለም መሰለኝ" ብለን መልሰን ኦቭን ውስጥ ስንከተው ደግሞ ነገሩን እናብሰዋለን። አልበሰለም ያልነው ከመጠን በላይ በስሎ ነው ውሃ ያወጣው።

ልኩን በቁጥር እንየው። የእንቁላል ነጭ ክፍል ብቻውን ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ ትንሽ ከፍ ሲል መርጋት ይጀምራል። አስኳሉ ከ65 እስከ 70 ባለው ውስጥ ይጠነክራል። ወተት ሲገባበት ፕሮቲኖቹ ይራራቃሉ፤ ለመገናኘት የበለጠ ሙቀት ይጠይቃሉ። ስለዚህ የኪሽ ድብልቅ ደህና አድርጎ የሚረጋው ከ75 እስከ 82 ዲግሪ ባለው መካከል ነው። ወደ 90 ሲጠጋ ይበጣጠሳል። ያለችን ክፍተት ጠባብ ናት።

ኦቭኑን ዝቅ አድርጉ የሚባለው ለዚህ ነው። ከ165 እስከ 170 ዲግሪ ሴልሺየስ ይበቃል፤ አሜሪካ ላላችሁ ከ330 እስከ 340 ፋራናይት ማለት ነው። ሙቀት ከዳር ተነስቶ ወደ መሃል ነው የሚገባው። ኦቭኑ በጣም ከጋለ መሃሉ 75 ሳይደርስ ዳሩ 90 ያልፋል። በዝግታ ከሆነ ዳርና መሃል ተቀራርበው ይደርሳሉ። ሬስቶራንት የምናውቀው ክሬም ካራሚልም የሚረጋው በዚሁ መንገድ ነው፤ እሱን ውሃ በተሞላ ትሪ ውስጥ አስቀምጠው የሚጋግሩት ዳሩ እንዳይቸኩል ብለው ነው። ኪሽን ውሃ ውስጥ ማስቀመጥ ሊጡን ያበላሸዋል። ስለዚህ ያለን መሣሪያ ዝቅ ያለ ሙቀት ነው።

ክሬም የሚጨመረውም ለጣዕም ብቻ አይደለም። ቅባቱ በፕሮቲኖቹ መሃል እየገባ ቶሎ እንዳይጣበቁ ያደርጋል። ክሬም ግን ውድ ነው፤ አንዳንዴም አይገኝም። ቅባቱ ያልተቀነሰ ወተት ብቻ ብትጠቀሙም ይሆናል። አንድ ተጨማሪ አስኳልና አንድ የሾርባ ማንኪያ ኮርን ስታርች ጨምሩበት። ስታርቹን በትንሽ ቀዝቃዛ ወተት በጥብጡት፣ አለበለዚያ ይጓጉላል። ስታርች ድብልቁ እንዳይበጣጠስ ስለሚያግዝ ሙቀቱ ለሚዘባርቅ ኦቭን ጥሩ መድን ነው። ጣዕሙ ከክሬሙ ትንሽ ይከብዳል፤ እኔ ግን ለቤት ኪሽ ይህን ያህል የሚያሳስብ አይመስለኝም።

ለስንት እንቁላል ስንት ወተት?

በክብደት ለአንድ እጅ እንቁላል ሁለት እጅ ወተት። ይህን መያዝ በቂ ነው።

መመሪያዎች ግን "3 ትልቅ እንቁላል" ብለው ነው የሚጽፉት፤ ስህተቱም የሚጀምረው እዚህ ነው። አሜሪካ ውስጥ "ትልቅ" የሚባለው እንቁላል ከነቅርፊቱ 57 ግራም ገደማ ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች "ትልቅ" የሚባለው ከ63 እስከ 73 ግራም ይመዝናል። የሀበሻ ዶሮ እንቁላል ደግሞ በአብዛኛው 40 ግራም አካባቢ ነው። ስለዚህ በአሜሪካኖች መመሪያ 3 የሀበሻ እንቁላል የተጠቀመ ሰው ሊያስገባ ከሚገባው አንድ እንቁላል ገደማ አጉድሏል። ወተቱ ግን ሙሉ ነው። ድብልቁ ባይረጋ ምን ይገርማል?

ሚዛን ካለ ቅርፊቱ ተነስቶ 150 ግራም እንቁላል መዝኑ። ከፈረንጅ እንቁላል 3፣ ከሀበሻ 4 ወይም 5 ይሆናል። ሚዛን ከሌለም ችግር የለም። እንቁላሉን ምቱና ብርጭቆ ውስጥ ገልብጡት፤ የደረሰበትን ምልክት አድርጉ። ወተቱን በዚያው ብርጭቆ እስከ ምልክቱ ሁለት ጊዜ ለኩ። አለቀ።

አትክልቱን ጥሬውን ብጨምረውስ?

አይሆንም፤ በሁለት ምክንያት።

የመጀመሪያው የተለመደው ነው። ዝኩኒና ቲማቲም 95 በመቶ ገደማ ውሃ ናቸው። ቆስጣና እንጉዳይ ከ90 በመቶ በላይ፣ ቀይ ሽንኩርት እንኳ 90 በመቶ አካባቢ። 300 ግራም ጥሬ ዝኩኒ ስንጨምር ወደ 285 ግራም ውሃ አብረን ጨመርን ማለት ነው። ይህ ከለካነው ወተት ጋር ሊተካከል ምንም አልቀረውም። ሁሉም አይወጣም፤ የሚወጣው ግን ድብልቁን ለማቅጠንና ሊጡን ለማራስ ይበቃል።

ሁለተኛውን ብዙ ሰው አያስተውለውም። የአትክልት ሥጋን አያይዞ የሚያቆመው ፔክቲን የሚባል ነገር ነው፤ ማርማላታን የሚያረጋውም እሱ ነው። ፔክቲን ላልቶ አትክልቱ እንዲለሰልስ ከ85 ዲግሪ በላይ ሙቀት ያስፈልገዋል። የእኛ ድብልቅ ግን ከ82 ዲግሪ ማለፍ የለበትም ብለናል። ታዲያ ካሮቱ በየት በኩል ይበስላል? ጥሬ ካሮት ኪሽ ውስጥ ገብቶ ኦቭን ውስጥ 40 ደቂቃ ቢቆይም ጥሬ ካሮት ሆኖ ነው የሚወጣው። ካሮቱ እስኪበስል ከጠበቅን ደግሞ እንቁላሉ ያልቅለታል። ስለዚህ አትክልቱ የሚበላ ሆኖ፣ በስሎና ደርቆ፣ መግባት አለበት። ኦቭኑ ውስጥ የሚበስለው እንቁላሉ ብቻ ነው ብላችሁ አስቡ።

አያያዛቸው ይለያያል። ቆስጣና ስፒናች ከሁሉም የሚያታልሉ ናቸው፤ ሲጠበሱ የደረቁ ይመስላሉ፣ ውስጣቸው ግን ብዙ ውሃ ይዘዋል። እንዲበርዱ አድርጉና በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አጥብቃችሁ ጭመቁ። አንድ ትልቅ እስር ቆስጣ ተጨምቆ ሲያልቅ እፍኝ ቢሞላ ነው። ይህ ማነሱ እንዳያሳስባችሁ። የቆስጣውን ነጭ ግንድ ለይታችሁ አድቅቃችሁ ክተፉትና ቀድማችሁ ጥበሱት፤ ከቅጠሉ ይልቅ ጊዜ ይፈልጋል።

እንጉዳይ ሰፊ መጥበሻ ይፈልጋል። መጀመሪያ ውሃውን ይለቃል፣ ከዚያ ውሃው ይተናል፣ ቀጥሎ ድምፁ ተለውጦ መጥበስ ይጀምራል። ብዙዎች ሁለተኛው ላይ ያነሱታል፤ ሦስተኛውን ጠብቁ። ዝኩኒ በስሱ ተቆርጦ ጨው ይነስነስበትና 20 ደቂቃ ይቀመጥ፤ ጨው ውሃውን ይስበዋል። ከዚያ ጠረግ አድርጋችሁ ጥበሱት፤ ጨው ስለበላ ድብልቁ ላይ ቀንሱ። ቀይ ሽንኩርት በዝግተኛ እሳት እስኪጣፍጥ ይቁላላ። ባሮ ሽንኩርት ካገኛችሁ ከሁሉም አትክልት ለኪሽ የሚመቸው እሱ ይመስለኛል፤ በቅቤ ቀስ ብሎ ሲበስል ጣዕሙ ለስላሳ ነው። ድንችና ካሮት ቀድመው ይቀቀሉ። ቲማቲም የግድ ካላችሁ ፍሬና ውሃውን አውጥታችሁ በስሱ ከላይ ደርድሩት።

ሁሉም ተደምሮ ከተጠበሰና ከተጨመቀ በኋላ 300 ግራም ቢሆን ይበቃል። አትክልት ሲበዛ እንቁላሉ የሚይዘው ቦታ ያጣል፤ ሲቆረጥም ይፈርሳል።

የትኛው አይብ ይሻላል?

የሚቀልጥ ከፈለጋችሁ ፕሮቮሎን፣ ቼዳር ወይም ጎዳ፤ 100 ግራም ተፈቅፍቆ ይበቃል። የእኛ አይብ አይቀልጥም። አሬራ በሙቀትና በራሱ ኮምጣጣነት ረግቶ ስለተሠራ እሳት ቢነካውም ቅርጹን ይይዛል። ይህ ጉድለት አይደለም። ቆስጣ ባለበት ኪሽ ውስጥ ነጭ ነጭ ሆኖ መሃል መሃል ሲገኝ በጣም ደስ ይላል። ክትፎ ቤት አይብና ጎመን የለመደ ሰው ጣዕሙን ያውቀዋል። ብቻ አይብ ውሃ ይዟል፤ በጨርቅ አንጠልጥላችሁ አጥልሉት።

ሊጡ ለምን አይታሽም?

የዳቦ ሊጥ በታሸ ቁጥር ይሳባል። ምክንያቱ ግሉተን ነው፤ የስንዴ ዱቄት ከውሃ ጋር ሲገናኝና ሲታሽ የሚፈጠር ላስቲክ የመሰለ ነገር። ለዳቦ ያስፈልገናል። ለኪሽ አያስፈልገንም። ግሉተን የበዛበት የኪሽ ሊጥ ኦቭን ውስጥ ይኮማተራል፤ ጠርዙ ወደ ታች ይንሸራተታል፣ ሲበላም ያስቸግራል።

ስለዚህ ሥራው ግሉተንን መከልከል ነው። ቅቤውን ቀዝቃዛ እንደሆነ ቆራርጣችሁ በጣት ጫፍ ከዱቄቱ ጋር አሹት። ዱቄቱ ቅቤ ሲለብስ ውሃ በቀላሉ አያገኘውም። አተር የሚያክሉ የቅቤ ቁርጥራጮች ቢቀሩ ይሻላል። ቅቤ ውስጥ ከ16 እስከ 18 በመቶ ውሃ አለ፤ ኦቭኑ ውስጥ ይህ ውሃ እንፋሎት ሆኖ ሊጡን በንብርብር ያነሳዋል። ቅቤው ቀልጦ ከዱቄቱ ጋር ከተዋሐደ ንብርብሩ አይኖርም።

የገበታ ቅቤ ነው የሚያስፈልገው። ንጥር ቅቤ ውሃው ወጥቶ ያለቀ ስለሆነ ንብርብር አይሰጥም፤ የሚፈረፈር ሊጥ ነው የሚሆነው። ኮረሪማውና ኮሰረቱም ጣዕሙን ይወስዱታል። ሆኖም አንድ የሻይ ማንኪያ ንጥር ቅቤ አትክልቱ መጥበሻ ላይ ቢገባ አልቃወምም።

ከተቦካ በኋላ በላስቲክ ተጠቅልሎ ፍሪጅ ውስጥ ቢያንስ 30 ደቂቃ ይረፍ። ቅቤው ይጠነክራል፣ ግሉተኑም ይለቃል።

ባዶውን ቀድሞ መጋገር የግድ ነው?

አዎ። ይህን ደረጃ የዘለለ ሰው ታቹ የረጠበ ኪሽ ያገኛል።

እርጥብ ነገር እርጥበቱ እስኪያልቅ ድረስ ሙቀቱ ውሃ ከሚፈላበት ልክ አያልፍም። ሊጥ ቡናማ ሆኖ እንዲንኮሻኮሽ ግን ከ100 ዲግሪ በላይ፣ በደንብ ከፍ ማለት አለበት። ጥሬ ሊጥ ላይ ግማሽ ሊትር የሚጠጋ ፈሳሽ ካፈሰስን በኋላ ኦቭኑን ዝቅ ስናደርግ ታቹ ያንን ሙቀት አያየውም። ይቀቀላል እንጂ አይጋገርም። ስለዚህ ፈሳሹ ሳይመጣ ሊጡ የራሱን መብሰል ይጨርስ።

ባዶ ሊጥ ግን ብቻውን ከገባ መሃሉ ይነፋል። ለዚህ በላዩ የመጋገሪያ ወረቀት ይነጠፍና ደረቅ ሽምብራ ወይም ባቄላ ይሞላበታል። ክብደቱ ታቹን ይይዛል፣ ጎኑንም ይደግፋል። ሽምብራው ከዚያ በኋላ ለወጥ አይሆንም፤ በማሰሮ አስቀምጣችሁ ለሚቀጥለው ኪሽ ተጠቀሙበት።

ዕቃውም ልዩነት አለው። ብረት ሙቀትን ቶሎ ያሳልፋል፤ ወፍራም ጠርሙስ ወይም ሸክላ ይዘገያል። ያላችሁ የጠርሙስ ዕቃ ከሆነ ባዶውን የምትጋግሩበትን ጊዜ ትንሽ አስረዝሙ።

እሺ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንዴት ይሠራ?

ለ24 ሴንቲ ሜትር ክብ የመጋገሪያ ዕቃ 200 ግራም ፉርኖ ዱቄት፣ 100 ግራም ቀዝቃዛ የገበታ ቅቤና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ያዙ። ዱቄቱን፣ ጨውና ቅቤውን አሹ። 3 ወይም 4 የሾርባ ማንኪያ የበረዶ ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ ሰብስቡት። ሊጡ ተያይዞ ሲቆም አቁሙ። ጠፍጠፍ አድርጋችሁ ፍሪጅ አስገቡ።

ከፍሪጅ አውጥታችሁ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት እስኪኖረው ዳምጡት። ዕቃው ላይ አንጥፉት፤ ማዕዘኑን ጎትታችሁ አትሙሉት፣ ሊጡን ወደ ውስጥ ልቀቁት። የተጎተተ ሊጥ ኦቭን ውስጥ ይመለሳል። ታቹን በሹካ ወጋ ወጋ አድርጉና 15 ደቂቃ ደግሞ ይቀዝቅዝ።

ኦቭኑን 190 ዲግሪ ላይ አሙቁ፤ 375 ፋራናይት ነው። ወረቀትና ሽምብራ ጭናችሁ 20 ደቂቃ ጋግሩ። ሽምብራውን አንሱና ታቹ ደረቅ መስሎ ቀላ እስኪል ሌላ 10 ደቂቃ መልሱት። ትኩስ እንዳለ ከተመታው እንቁላል ጥቂት ቀቡትና 2 ደቂቃ አስገቡት። እንቁላሉ በሹካ የተወጋውን ቀዳዳ ይደፍናል።

ሊጡ ሲጋገር አትክልቱን ጨርሱ። 150 ግራም እንቁላል፣ 300 ሚሊ ሊትር ወተት ወይም ግማሽ በግማሽ ወተትና ክሬም፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ካላችሁ ጥቂት የተፈገፈገ ገውዝ ደባልቁ። አረፋ እስኪሠራ አትምቱት፤ አረፋው ላዩን ያበላሻል። ጦስኝ ለእንጉዳይ፣ የተከተፈ ቃሪያ ለቆስጣ ይስማማል።

ኦቭኑን ወደ 170 አውርዱ። አይቡን ግማሹን ታች በትኑ፣ አትክልቱን አከፋፍሉ፣ የቀረውን አይብ ከላይ አድርጉ። ዕቃውን ኦቭኑ መደርደሪያ ላይ አስቀምጣችሁ እዚያው ፈሳሹን ብታፈሱበት ሳይደፋ ይገባል። ከ35 እስከ 45 ደቂቃ ይፈጅበታል።

መብሰሉን በምን አውቃለሁ?

ዕቃውን በቀስታ ነቅነቅ አድርጉት። ዳሩ ቆሞ፣ መሃሉ ላይ የስኒ ማስቀመጫ የሚያክል ክብ ብቻ ከተንቀጠቀጠ ደርሷል፤ አውጡት። መሃሉ እንደ ፈሳሽ ከተወዛወዘ ቀረው። ምንም ካልተንቀሳቀሰና ላዩ ከተነፋ አልፎበታል። የምግብ ቴርሞሜትር ካላችሁ መሃሉ 77 ወይም 78 ዲግሪ ሲደርስ አውጡ። ከኦቭን ከወጣም በኋላ ዳሩ ላይ ያለው ሙቀት ወደ መሃል መግባቱን ይቀጥላል። ከጤና አንጻርም ይህ በቂ ነው፤ ለእንቁላል ምግብ የሚመከረው ዝቅተኛ ሙቀት 71 ዲግሪ ነው።

ከዚያ 30 ደቂቃ ሳትነኩት ተዉት። ትኩሱን መቁረጥ ያጓጓል፤ ግን ሽመናው ገና ስላልጸና ይፈስሳል።

የአዲስ አበባ ከፍታ ለውጥ አለው?

ጥቂት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው ወደ 92 ዲግሪ ላይ ነው። ስለዚህ ድንችና ካሮት ሲቀቀሉ ባሕር ዳርቻ ከተጻፈ መመሪያ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋሉ። እንቁላሉ የሚረጋበት ሙቀት ግን አይለወጥም። ኪሹ ጥቂት ደቂቃ ቢዘገይ አትደንግጡ፤ ሰዓቱን ትታችሁ መንቀጥቀጡን እዩ።

መብራት ቢጠፋስ? ኦቭን ባይኖረኝስ?

ኪሹ ኦቭን ውስጥ እያለ መብራት ቢጠፋ በሩን አትክፈቱ። ኦቭኑ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል፤ መርጋት የጀመረ ከሆነ ራሱ ሊጨርስ ይችላል። ገና ፈሳሽ ከሆነ ግን ለብ ባለ ኦቭን ውስጥ ለሰዓታት አታስቀምጡት። እንዲህ ያለ ሙቀት ለባክቴሪያ ይመቻል።

ኦቭን ከሌለ ሊጡን ተዉት። ያንኑ አትክልትና አይብ ወፍራም መጥበሻ ላይ አድርጋችሁ፣ ወተቱን በጣም ቀንሳችሁ፣ ክዳን ገጥማችሁ በዝቅተኛ እሳት አርጉት። ኪሽ አይባልም፤ ለረፋድ ግን ግሩም ነው። አትክልቱን የማድረቁ ሕግ እዚህም ይሠራል።

በጾም ይሆናል?

እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ ስላለበት እንዳለ አይሆንም። የሽምብራ ዱቄት ግን ቦታውን ደህና አድርጎ ይይዛል። ቡጥጫ የሚሠራ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ከሽምብራ ዱቄት የተሠራው ሲረጋ መልኩ የእንቁላል ፍርፍር ይመስላል። እዚህ የሚያረጋው በዋናነት የሽምብራው ስታርች ነው። ስለዚህ ሙቀት ቢበዛበትም እንደ እንቁላሉ አይበጣጠስም። ለ100 ግራም ዱቄት 400 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ ጨውና ዘይት አድርጋችሁ ምድጃ ላይ እያማሰላችሁ አወፍሩት። ከአትክልቱ ጋር ቀላቅላችሁ ወደተጋገረው ሊጥ ገልብጡትና ላዩ እስኪደርቅ አስገቡት። ሽሮ አይተካውም፤ ተቆልቶና ቅመም ገብቶበት የተፈጨ ስለሆነ ጣዕሙ ወደ ወጥ ይሄዳል። ለሊጡ ማርጋሪን ከተጠቀማችሁ ማሸጊያውን አንብቡ። አንዳንዱ ወተት አለበት።

ለእሑድ ረፋድ መቼ ልጀምር? ቢተርፍስ?

ቅዳሜ ማታ ሊጡን ባዶውን ጋግራችሁ አስቀምጡ፤ አትክልቱንም ጠብሳችሁ፣ ጨምቃችሁ ፍሪጅ አስገቡ። እሑድ ጠዋት የሚቀረው እንቁላሉን መደባለቅና መጋገር ነው። ሁሉንም ቅዳሜ ጨርሶ እሑድ ማሞቅም ይቻላል። የማይቻለው ፈሳሹን ሊጡ ላይ አፍስሶ ማሳደር ነው፤ ሊጡ ሌሊቱን ሙሉ ሲጠጣ ያድራል።

የተጋገረ ኪሽ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ። ፍሪጅ ውስጥ ከ3 እስከ 4 ቀን ይቆያል። መብራት ቢጠፋ በሩ ያልተከፈተ ፍሪጅ 4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይጠብቃል። ለማሞቅ ማይክሮዌቭ አይመከርም፤ ሊጡን ያረጥበዋል፣ እንቁላሉንም ያጠነክረዋል። ቁራሹን በ160 ዲግሪ ኦቭን 15 ደቂቃ ያህል አሙቁት። ኦቭን ከሌለ መጥበሻ ላይ ያለ ዘይት፣ በጣም ዝቅ ባለ እሳት፣ መጀመሪያ ሳይከደን ታቹ እስኪደርቅ፣ ከዚያ ተከድኖ መሃሉ እስኪሞቅ።